የመስከረም ሰማይ ለማን ይጠራል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሰማይ ማየት እወዳለሁ። ይህ በከተማችን ብዙ የሚያስመሰግን ጠባይ አይደለም። መንገድ ዳር ቆሞ ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ሰው ወይ የሚከራይ ቤት እየፈለገ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ነክቶታል ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ቤቴ ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት በርጩማ ይዤ ወደ በረንዳው መውጣት ነው። ቤቴ ጀሞ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ለፎቁ ነዋሪ ሁሉ የጋራ ነው። ከፊት ለፊት ወጨጫ ተራራ ምዕራቡን ይዞ ተጋድሞ ይታያል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከእሱ ኋላ ነው።

ክረምትን አዲስ አበባ ላይ ያሳለፈ ሰው ይህ ምሽት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሐምሌና ነሐሴን ሰማይ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የነበረን እንደ ድስት ክዳን የተደፋብን ደመና ነው። ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ጫማ ከጭቃ አይወጣም፣ የሰውም ፊት እንደ ልብሱ ረጥቦ ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይነግረን፣ ክዳኑ ይነሳል። 12 ሰዓት ተሩብ ገደማ ላይ ፀሐይ የወጨጫን ጀርባ ነክታ ስትወርድ ሰማዩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ከዚያ ፍም፣ በመጨረሻም ወይን ጠጅ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ፋታ አይሰጥም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች፣ ፀሐይ በስተጎን እየተንሸራተተች ሳይሆን ቁልቁል ነው የምትወርደው። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ረጅም ሰዓት የሚፈጀው የምሽት ብርሃን እኛ ዘንድ ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። «ቆይ፣ እራቴን በልቼ አየዋለሁ» ያለ ሰው የሚያገኘው ጨለማውን ነው።

የቀለሙን ምክንያት የሳይንስ ሰዎች ነግረውናል። በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1871 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ከቀዩ ይልቅ እጅግ አብዝቶ ይበተናል። ቀን ላይ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ይህ ነው። ምሽት ላይ ግን ብርሃኑ ዓይናችን ዘንድ ለመድረስ ብዙ አየር ሰንጥቆ ማለፍ አለበት፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ያልቅና የሚደርሰን ቀዩ ይሆናል። መስከረም ላይ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ አየሩን ከአቧራና ከጢስ አጥቦ ስለሚቆይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ማወቄ ደስታዬን አልቀነሰብኝም። ደስታዬን ያወከው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ለአንባቢ ላካፍል የፈለግሁትም እሱን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም 8 ቀን ምሽት ላይ ነው። ከጎኔ ባለው ቤት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔም የሕንጻውም ሰው ሁሉ «እማማ» ነው የምንላቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ነጠላ ከራሳቸው የማይወርድ፣ የራያ ቆቦ ሰው ናቸው። ልጃቸው ወደ ከተማ ካመጣቻቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ምሽት በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ሊያነሱ ብቅ አሉ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማየቱ አላስችል ብሎኝ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ሰማይ እስቲ ይዩልኝ! እንዴት ያምራል!» አልኳቸው።

ልብሱን በክንዳቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። ቆይተው አዩት።

«ቶሎ ጠራ» አሉ።

«ደስ አይልም?»

«ገና ስምንት አይደል እንዴ፣ ልጄ? ማሽላው መች ጠጥቶ ጠገበና!»

ይህን ብለው ከመቀነታቸው ስልካቸውን አወጡና «በል እስቲ ወንድሜን ደውልልኝ» አሉኝ። ደወልኩላቸው። የወዲያውን ድምፅ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት የእሳቸውን ብቻ ነው። «ደህና ናችሁ? ከብቱስ? ዘነበ ወይ? . . . ከመቼ ወዲህ? . . . ከጳጉሜ ወዲህ ምንም? . . . እንግዲህ እሱ ያውቃል።» ስልኩን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና ወደ ቤት ገቡ። ሰማዩ ገና ይነድ ነበር። እኔም በርጩማዬን አንስቼ ገባሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን «ገና ስምንት አይደል እንዴ?» የምትለዋ ቃል ከትራሴ አጠገብ ነበረች።

መስከረም 1 ቀን ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም «ክረምቱ አልፎ ፀደይ ገባ» ይለናል። እኛም አሜን ብለን እንቀበላለን። የአባቶቻችን አቆጣጠር ግን እንዲህ አይልም። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ዓመቱ ለአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እንግዲህ የአበባው ወቅት ስሙ መፀው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያሳሳተን የፈረንጆቹ የአበባ ወቅት ነው። እነሱ በመጋቢትና በሚያዝያ አበባ የሚያዩበትን ጊዜ «ፀደይ» ብለን ተረጎምን፤ ቀጥለንም ቃሉን ወደ ራሳችን አደይ አበባ ጎትተን መስከረም ላይ ተከልነው።

የስሙን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ልተወው። እኔን ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ነው። ከመስከረም 1 እስከ 25 ከተማው አበባ ይዞ ክረምትን ሸኝቶ ጨርሷል፤ በቆጠራው ግን ገና ክረምት ነው። ገበሬውም ከሰማይ የሚጠብቀው ቀሪ ሒሳብ አለው። ሐምሌ ላይ የተዘራው ጤፍ ገና ፍሬ አልቋጠረም። ቆላ ላይ ያለው ማሽላ ገና ፍሬው አልሞላም። በዚህ ሰዓት ዝናቡ ድንገት ከተቆረጠ ማሳው ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ቀርበው ዛላውን በእጅ ሲጨብጡት ግን ባዶ ነው። ይህ ሥጋት በሰሜኑ ይብሳል። ዝናብ አምጪው የአየር ቀበቶ መስከረም ላይ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ስለሚያፈገፍግ ክረምቱ ቀድሞ የሚሰናበተው ሰሜኑን ነው።

እንግዲህ እኔ «እንዴት ያምራል» ያልኩት ነገር ለእማማ መርዶ ነበር። ሰማዩ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ፣ የቆምንበት በረንዳም አንድ። የነገረን ግን ለየቅል ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ቡና ጠሩኝና ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ተጫወትን። በ1976 ዓ.ም. ክረምት እማማ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ዝናቡ በእነሱ አገር ዘግይቶ መጣ፤ ቶሎም ሄደ። «አባቴ» አሉኝ «ማታ ማታ ከቤት ይወጣል። ደመና ፍለጋ ነው። ሽቅብ አይቶ አይቶ፣ ኮከብ የበዛ እንደሆነ ዝም ብሎ ይገባል። እኛም እሱ ዝም ካለ ሰማዩ እንደጠራ እናውቃለን፤ ወጥተን ማየት አያሻንም።»

ኮከብ በበዛ ቁጥር የሚያዝን አባት! እኔ ደግሞ በከተማው መብራት ምክንያት ኮከብ አነሰብኝ ብዬ የማማርር ሰው ነኝ።

ጥቅምት ላይ ስድስት ሆነው ከቤታቸው ወጡ። ኮረም የደረሱት ሦስት ሆነው ነው። ከዚህ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለመሆኑ እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ? እዚሁ አዲስ አበባ፣ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎም የኢሠፓ መሥራች ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከተማው በባንዲራና በመብራት አጊጦ ነበር። የወረቀት ባንዲራ ይዤ፣ በታላቅ ወንድሜ ትከሻ ላይ ሆኜ፣ አፌን ከፍቼ ያየሁት አምፖል ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ሰማዩን ግን አላስታውሰውም። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማለትም ከበዓሉ ከ41 ቀን በኋላ ነው። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። እኔ በአምፖሉ ስደነቅ የእማማ አባት በኮከቡ ያዝኑ ነበር ማለት ነው። ለልጅ ይህ ኃጢአት አይደለም። ለአዋቂስ?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ውበት ሲመረምር፣ የውበት ደስታ ከጥቅም ነጻ የሆነ ደስታ ነው ይላል። አንድን ነገር ውብ ነው የምንለው ልንበላው፣ ልንሸጠው ወይም ሊጠቅመን ስለሆነ አይደለም፤ በማየታችን ብቻ ደስ ስለሚለን ነው። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ይህ አባባል እንደ ልኬ የተሰፋ ልብስ ይመስለኝ ነበር። እኔ ከሰማዩ የምፈልገው ምንም የለም፤ ስለዚህ ደስታዬ ንጹሕ ነው።

ከእማማ ጋር ቡና ከጠጣሁ በኋላ ግን ጥያቄ መጣብኝ። ሰማይን ከጥቅም ነጻ ሆኖ ማየት የሚችለው ማን ነው? ጤፉን ከወፍጮ ቤት በኪሎ የሚገዛ ሰው ነው። ያም ሰው ቢሆን ከሰማዩ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ የሚበላው እንጀራ ከዚያው ሰማይ ሥር የበቀለ ነው። ልዩነቱ፣ ሥጋቱን ሌላ ሰው ተሸክሞለታል። የእኔ ደስታ ንጹሕ የመሰለኝ፣ ደመና ፍለጋ ማታ ማታ ከቤት የሚወጣው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በረንዳ አልወጣሁም። ሰማዩ በየምሽቱ ይነዳል፤ እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ ዜና አያለሁ። እንዲህ በማድረጌ አንድ ትክክለኛ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። እማማ ታዲያ አንድ ማታ በሬን አንኳኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሰማይህን ተውከው? አሞህ ነው?»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ ነበር የነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው ሳቁ።

«አንተ መጋረጃ ብትዘጋ ቆቦ ሊዘንብ ነው?»

ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና እንዲህ አሉኝ፦ «እኛን እኮ ሰው ሰማይ አይቶ ደስ ስላለው አይደለም የጎዳን። ሰማዩ መክዳቱን ከማንም ቀድመን አውቀን ነበር። ጮኸናል። ያጣነው የሚሰማ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ያፈርኩት ያኔ ነው። መስከረም 8 ማታ ስለ ሰማዩ ተደስቼ የተናገርኩት ስለ ራሴ ደስታ ነበር። መጋረጃ ዘግቼ ያዘንኩትም ስለ ራሴ ንጽሕና ነበር። በሁለቱም ጊዜ እማማን አልጠየቅኋቸውም። የወንድማቸው ማሽላ ምን እንደሆነ በዚያ ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ሆነ?» አላልኩም። ደስታን መተው ቀላል ነገር ነው፤ ሰውዬው ሳይነሳ እዚያው ሶፋው ላይ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል። ጎረቤትን ለመጠየቅ ግን ተነስቶ በር መክፈት ያስፈልጋል።

የእማማን ነገር ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ከእነ ኮረም ዘመን በፊት የደረሰውን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ መርምሯል። እሱ እንዳሳየው ሕዝቡ የተራበው በአገሪቱ ምግብ ስለጠፋ አልነበረም፤ ሰብሉ የጠፋበት የወሎ ገበሬ ሌላ ቦታ ያለውን ምግብ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነው። ድርቁ ከሰማይ ሊመጣ ይችላል። ረሃቡ ግን በሰውና በሰው መካከል የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሰማዩን መክሰስም፣ ሰማዩን አይቶ የተደሰተን ሰው መክሰስም ጥፋተኛውን መሳት ነው።

እማማ የዚያን ማታ ሌላም ነገር ጨመሩልኝ። «ደግሞስ» አሉኝ «ገበሬ ሰማይ አይወድም ያለህ ማነው?» ልጅ ሳሉ፣ ኅዳር ላይ አጨዳው አልቆ ነዶው አውድማ ሲወርድ፣ አባታቸው እህል ሊጠብቁ አውድማው ላይ ያድሩ ነበር። እሳቸውም እያለቀሱ ተከትለው ከገለባው ላይ፣ ከአባታቸው ጋቢ ሥር ይተኛሉ። ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮከብ ነው። ፍኖተ ሐሊብ ከላያቸው ተዘርግቶ ይታያል። «ያኔ ኮከቡ ሲበዛ አባቴ ያንጎራጉር ነበር። የሚከፋው ደመና ሲያይ ነው፤ ነዶውን ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳላ!»

ያው ሰውዬ፣ ያው ኮከብ ነው። መስከረም ላይ ዝም ያሰኘው ኮከብ ኅዳር ላይ ያንጎራጉረዋል። ይህ ደስታ ካንት እንዳለው ከጥቅም ነጻ አይደለም፤ ነዶው አብሮት አለ፣ የልጁ የዓመት ቀለብ አብሮት አለ። ነገር ግን ከእኔ ደስታ ያነሰ ነው ብሎ ማን ይደፍራል? እኔ ያየሁት ቀለም ነው። እሳቸው ያዩት ቀለሙንና ቀለሙ የሚያመጣውን ጭምር ነው። ሰማይ በጊዜው ሲጠራም ያለ ጊዜው ሲጠራም ለዓይን ያው አንድ ነው። የሚለየው ከሥሩ ያለውን ሰው የጠየቀ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የእማማ ወንድም ማሽላ በግማሽ ቀረ። ልጃቸው ለአጎቷ የምትልከውን ስታሰናዳ እኔም የአቅሜን ጨመርኩ። ጥቂት ነው፤ እንዲመሰገንልኝም አላነሳሁትም። ያነሳሁት ከሰማይ እስከ ኪስ የሚያደርስ መንገድ መኖሩን ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ስለሆነ ነው። መንገዱም አጭር ነው። ከእኔ በር እስከ እማማ በር ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

ከዚያ ወዲህ በርጩማዬን መልሼ አውጥቻለሁ። አንድ ልማድ ግን ጨምሬበታለሁ። መስከረም 25 እስኪያልፍ ድረስ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባየሁ ቁጥር፣ ከመቀመጤ በፊት የእማማን በር አንኳኩቼ «ቆቦ ዘነበ ወይ?» እላለሁ። ይህ ጥያቄ ዝናብ አያመጣም። የተራበ ገበሬም አያጠግብም። ነገር ግን መልሱ «አልዘነበም» የሆነ ዕለት፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሳይሰማ እኔ እንድሰማ ያደርገኛል። ከዚያ በኋላ «አልሰማሁም ነበር» ማለት አልችልም። ተቀምጬ ሰማዩን አያለሁ፤ ያምራል። ማማሩን አልክድም። ብክድ ለማንም አይጠቅምም። ግን ከዚያ ማማር ጎን አንድ የማውቀው ማሳ አለ።

ባለፈው ዓመት መስከረም 27 ማታ፣ እንደ ልማዴ ወጥቼ ተቀምጬ ሳለሁ የእማማ በር ተከፈተ። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን፣ በሌላው ወንበራቸውን ይዘዋል።

«ወንድሜ ደውሎ ነበር» አሉኝ። «እስከ ሃያ ሁለት ዘነበላቸው። እስቲ ወዲያ ጠጋ በል።»

ጠጋ አልኩላቸው። ፀሐይ ከወጨጫ ኋላ ገብታለች፤ ፍሙ ወደ ወይን ጠጅ እየዞረ ነበር። ያን ቀን የምናገረውን አውቄ ዝም አልኩ። እማማ ራሳቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ቀለሙ ሁሉ እስኪያልቅና ኮከብ አንድ ሁለት እያለ እስኪወጣ ድረስ አዩት።

«አሁንማ ይጥራ» አሉ።